ፓተንት፣ የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፍኬት ወይስ ሚስጥር? አዲስ ፈጠራን ጠብቆ ገበያ የማውጫ መንገዶች ሲነጻጸሩ

በየወርክሾፑና በየዩኒቨርሲቲው አዲስ ነገር የሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «ፓተንት እንዴት ነው የሚወጣው?» ብለው ነው። ፓተንት በፈጠራ ላይ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ብቸኛ መብት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከእሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ፓተንት ነው ወይ? የኢትዮጵያ ሕግ ለአዲስ ሥራ የተለያዩ የጥበቃ ዓይነቶችን አስቀምጧል። አንዱ ከባድ ነው፣ ሌላው ቀላል። አንዱ ረጅም ዕድሜ አለው፣ ሌላው አጭር። ያለቦታው የተመረጠ እንደሆነ ማሽን መሥሪያ የነበረው ገንዘብ ወረቀት ላይ ያልቃል።

ይህ ጽሑፍ ዋናዎቹን አማራጮች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በአብዛኛው የምናገረው ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሸጥ ሰው ነው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ።

መለኪያዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ መልሱ።

ዕቃው ተፈትቶ ቢታይ አሠራሩ ይታወቃል? የጤፍ መውቂያ ማሽን ገዝቶ የፈታ ጎበዝ ብየዳ ሠራተኛ መልሶ ሊሠራው ይችላል። የአንድ ድልህ ወይም የቅመም ምጥን ግን ቀምሶ ብቻ ማወቅ ከባድ ነው። የመጀመሪያው በሕግ መጠበቅ አለበት። ሁለተኛው አፍ በመዝጋትም ይጠበቃል።

አዲስነቱስ እስከ የት ነው? በዓለም ላይ ማንም ያልሠራው ነው ወይስ እዚህ አገር ያልታየ? ይህን በግምት መመለስ አይቻልም። ጉግል ፓተንትስ፣ ኢስፔስኔትና የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ የሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች በነፃ ይፈለግባቸዋል። ጥቂት ቀን ሰጥታችሁ በተለያዩ ቃላት ፈልጉ። ያው ነገር እዚያ ከተገኘ ሐሳቡ ሞተ ማለት አይደለም፤ መንገዱ ይቀየራል እንጂ።

ዕቃው ገበያ ላይ ስንት ዓመት ይቆያል? ቅጂ ሲወጣ ታውቃላችሁ? ካወቃችሁስ ጠበቃ ቀጥራችሁ ለመክሰስ አቅም አላችሁ? ገዢው የት አገር ነው?

እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ግን ለአንድ ጥያቄ ነው። የምዝገባውንና የባለሙያውን ወጪ ከከፈላችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች አምርቶ ለመሸጥ የሚበቃ ገንዘብ ይቀራል ወይ? ካልቀረ የመረጣችሁት ጥበቃ ለአሁኑ ከአቅማችሁ በላይ ነው።

የፈጠራ ፓተንት

ሕጉ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ማመልከቻው የሚገባው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ፓተንት ለማግኘት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ፈጠራው በዓለም ደረጃ አዲስ መሆን አለበት። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ሆኖ የማይታይ ፈጠራዊ ብቃት ሊኖረው ይገባል። በኢንዱስትሪም ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት። ዕድሜው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ነው። ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። በየዓመቱ መብቱን የማቆያ ክፍያ አለ፤ እሱን መርሳት መብትን ያሳጣል።

ፓተንት የማይሰጣቸው ነገሮች ስላሉ አስቀድማችሁ እወቁ። የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የንግድ አሠራር ዘዴ፣ የጨዋታ ሕግ፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያ፣ ሳይንሳዊ ግኝትና የሒሳብ ቀመር፣ የሕክምና ዘዴ አይመዘገቡም። መተግበሪያ የሠራችሁ ልጆች ፓተንት ቤት አትመላለሱ። የእናንተ ኮድ የሚጠበቀው በቅጂ መብት ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፓተንት የሚጠይቅ ሰው አሠራሩን ሙሉ በሙሉ ጽፎ ያስረክባል። መግለጫው ሙያውን የሚያውቅ ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ግልጽ መሆን አለበት። በለውጡ ሕጉ ለተወሰነ ጊዜ ብቸኛ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች «ክሌይም» የሚሉት የመብት ጥያቄ ዝርዝር የሰነዱ ልብ ነው። ሰፋ ተደርጎ ካልተጻፈ ተፎካካሪ አንድ ብሎን ቦታ ቀይሮ ያልፋችኋል። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ ቀድሞ የነበረውን ሥራ ይነካና ውድቅ ይሆናል። ገንዘብ ለባለሙያ መክፈል ካለባችሁ እዚህ ላይ ክፈሉ።

ፓተንት ከተሰጠ በኋላም ሊፈርስ ይችላል። የጤፉን ጉዳይ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ይዞ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሔግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ የነበረውን ይህን መብት ፈጠራዊ ብቃት የለውም ብሎ ውድቅ አደረገው። በዱቄትና በዳቦ ሥራ ላይ ያለ ሰው በተለመደ ዕውቀቱ የሚደርስበት ነገር ነው የሚል ነበር ነጥቡ። ለአገር ትልቅ እፎይታ ነበር። ለፈጠራ ሰው ደግሞ ትምህርቱ ሌላ ነው። አዲስነት ብቻውን አያድንም፤ ደካማ ፓተንት ስንት ዓመት ተይዞም ይወድቃል።

ክሱም የባለመብቱ ሸክም ነው። ፖሊስ እየዞረ ቅጂ አይለቅምላችሁም። አሜሪካዊው ሮበርት ከርንስ እየቆመ እየተነሣ የሚጠርግ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፓተንት ጠየቀ። የመኪና አምራቹን ፎርድን እ.ኤ.አ. በ1978 ከሰሰ። ፎርድ 10.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። አሸንፏል፤ ግን የዕድሜው ትልቁ ክፍል በክርክር አለቀ።

የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፍኬት

ለአብዛኛው የአገራችን የፈጠራ ሰው የሚስማማው ይህ ይመስለኛል፤ በሚገባው ልክ ግን አይወራለትም። የግልጋሎት ሞዴልም ይባላል።

ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ አዲስነቱ የሚለካው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ከባዱ የፈጠራዊ ብቃት ፈተና የለበትም። አዲስ መሆኑና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት መቻሉ ይበቃል። ዕድሜው 5 ዓመት ነው። አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑን ካስረዳችሁ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

አንድ ሰው የእንሰት መፋቂያ ሠራ እንበል። ሴቶች ለብዙ ሰዓት ጎንበስ ብለው የሚሠሩትን ሥራ ቆመው እንዲሠሩ ያደርጋል። ፔዳሉም፣ መንኮራኩሩም፣ ምላጩም ቀድሞ የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። ፓተንት ቢጠይቅ «ይህን ማንም መካኒክ ያስበዋል» የሚል መልስ ሊጠብቀው ይችላል። በአነስተኛ ፈጠራ ቢሄድ ግን አጣጥሞ ያቀናጀበት መንገድ እዚህ አገር አዲስ ከሆነ ዕድሉ ሰፊ ነው። እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጥበቃ ለእንዲህ ዓይነት መሣሪያ በቂ ነው። ያኔ እሱ ራሱ የተሻለ ሞዴል አውጥቶ ይሆናል።

ገደብም አለው። ያለውን ዕቃ ቅርጹን፣ መጠኑን ወይም የተሠራበትን ነገር መቀየር ብቻውን አያስመዘግብም። ከብረት ወደ አሉሚኒየም አዛወርኩት ማለት አይበቃም፤ ለውጡ የዕቃውን ጠባይ ወይም አገልግሎት መቀየር አለበት። ስለዚህ ስታመለክቱ ከመልኩ ይልቅ ምን እንዳሻሻለ በማስረጃ ጻፉ። ስንት ኪሎ በሰዓት? ስንት ሰው ይፈልጋል? ምን ያህል ኃይል ይቆጥባል?

የአስገቢ ፓተንት

ፍለጋ አድርጋችሁ ሐሳባችሁ ሌላ አገር ተመዝግቦ አገኛችሁት እንበል። ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ። ቆም ብላችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱ።

ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው። ቻይና ወይም ጀርመን የተመዘገበና ኢትዮጵያ ያልተመዘገበ ፈጠራን እዚህ ሠርቶ እዚህ መሸጥ በዚያ ፓተንት አይከለከልም። መብቱ ወዳለበት አገር መላክ ግን ያስከስሳል። ጊዜው ያለፈበት ፓተንት ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። እነዚያ የፓተንት ሰነዶች ከነሥዕላቸው በነፃ የተቀመጡ የሙያ መማሪያ ናቸው፤ ወርክሾፖቻችን ቢጠቀሙባቸው ስንት ነገር በሠራን!

ሁለተኛው ነገር የአስገቢ ፓተንት ነው። ውጭ አገር የተመዘገበ፣ ዕድሜው ያላለቀ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራን ወደ አገር አምጥቶ ለሚያመርት ሰው ይሰጣል። እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ግዴታው ከበድ ያለ ነው። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ እየሠራችሁበት መሆኑን ማስረዳት አለባችሁ፤ ካልሆነ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ ማሽን፣ ቦታና ካፒታል ላለው ባለሀብት እንጂ ሐሳብ ብቻ ለያዘ ሰው አልመክረውም።

ንድፍ፣ የንግድ ምልክትና ሚስጥር

የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የሚጠብቀው የዕቃውን መልክ ነው፤ አሠራሩን አይነካም። 5 ዓመት ነው፤ እየተሠራበት ከሆነ ሁለት ጊዜ ታድሶ 15 ይደርሳል። ለወንበር፣ ለጀበና፣ ለጫማ፣ ለጠርሙስ ይስማማል።

የንግድ ምልክት ስሙንና ዓርማውን ይጠብቃል። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት 7 ዓመት ቆይቶ ይታደሳል፤ እድሳቱም ማብቂያ የለውም። የስም ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ቡናችን ያስረዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ አመለከተች። በጊዜው ሌላ አማራጭ ነበር፤ የቦታ ስምን የሚጠብቀው የጂኦግራፊ አመላካች። አገሪቱ ያንን ትታ የንግድ ምልክትን መረጠች። ቡናው የሚመጣው ከብዙ ሺህ ትናንሽ ማሳዎች ስለሆነ እያንዳንዱን ጆንያ መከታተል የማይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። መንግሥትም እንደዚህ አማራጮችን ለክቶ ነው የመረጠው። እናንተም ዕቃችሁ ቢቀዳ እንኳ ገዢው በስም ጠርቶ የናንተን እንዲፈልግ ምልክታችሁን አስመዝግቡ።

ሚስጥር ምዝገባም የዓመት ክፍያም የለውም። የአሠራር ሒደት፣ የቅመም ምጥን፣ የማቅለሚያ ዘዴ ላይ ይሠራል። ያለፈቃድ የንግድ መረጃ ማውጣትን የንግድ ውድድር ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ይከለክላል። ነገር ግን ሌላ ሰው በራሱ ጥረት ከደረሰበት ምንም ማድረግ አይቻልም። ሠራተኛም ይሄዳል። ሚስጥር ከመረጣችሁ አንድም ሠራተኛ ሙሉውን ሒደት እንዳያውቅ ሥራውን ከፋፍሉት፤ ከሁሉም ጋር በጽሑፍ የሚስጥር ውል ይኑራችሁ።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| አማራጭ | የሚጠብቀው | አዲስነቱ የሚለካው | ዕድሜ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| የፈጠራ ፓተንት | አዲስ የቴክኒክ መፍትሔ | በዓለም | 15 + 5 ዓመት | እውነተኛ አዲስ ፈጠራ፣ ረጅም ገበያ፣ ለመክሰስ አቅም ላለው |
| አነስተኛ ፈጠራ | የተሻሻለ መሣሪያ | በኢትዮጵያ | 5 + 5 ዓመት | ለወርክሾፕ፣ ለእርሻና ለቤት መሣሪያ |
| የአስገቢ ፓተንት | ከውጭ የመጣ ፈጠራ | እዚህ ያልተመዘገበ | እስከ 10 ዓመት | ፋብሪካና ካፒታል ላለው |
| ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ | መልክ | አዲስ መልክ | 5 + 5 + 5 ዓመት | መልኩ የሚሸጠው ዕቃ |
| የንግድ ምልክት | ስምና ዓርማ | ከሌላው መለየቱ | 7 ዓመት፣ የሚታደስ | ለሁሉም ሻጭ |
| ሚስጥር | ሒደት፣ ምጥን | አይጠየቅም | እስከተጠበቀ | ተፈትቶ ለማይታይ ነገር |

አንዱን መምረጥ ሌላውን አይከለክልም። አንድ ማሽን አሠራሩ በአነስተኛ ፈጠራ፣ ስሙ በንግድ ምልክት፣ የምላጩ አሳሳል ደግሞ በሚስጥር ሊጠበቅ ይችላል።

ወደ ገበያ የሚወስዱት መንገዶች

ጥበቃው ከተመረጠ በኋላ ማን ያመርተው የሚለው ይመጣል። ራሳችሁ ማምረት፣ ለአምራች ፈቃድ መስጠትና መብቱን ጨርሶ መሸጥ ሦስቱ መንገዶች ናቸው።

ራስ ማምረት ትርፉም ቁጥጥሩም የእናንተ ነው። ግን የፈጠራ ሰው በአንድ ጊዜ ነጋዴ፣ ገንዘብ ያዥና የሽያጭ ሠራተኛ ይሆናል። ብረቱ፣ ሞተሩ፣ የውጭ ምንዛሪው፣ የደረጃ ፍተሻው ሁሉ እናንተ ላይ ይወድቃል። ምግብ የሚነካ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የሚመለከታችሁን ደረጃ ዕቃውን ከመንደፋችሁ በፊት አግኙ። ካመረቱ በኋላ ማስተካከል ወጪው ብዙ ነው። ትንሽ ቁጥር አምርቶ ለታወቁ ገዢዎች ሸጦ፣ ብልሽቱን አይቶ፣ ከዚያ ማስፋት ይሻላል።

ፈቃድ መስጠት ካፒታል ለሌለው ሰው የተሻለ ነው፤ ያለ ጥሩ ውል ግን ባዶ እጅ ያስቀራል። ውሉ ላይ እነዚህን አጥብቃችሁ ያዙ። ድርሻችሁ ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ይታሰብ። ትርፍ በሒሳብ መዝገብ ሊጠፋ ይችላል፤ የተሸጠ ዕቃ ግን ይቆጠራል። በዓመት ቢያንስ ይህን ያህል ይከፈላል የሚል ዝቅተኛ መጠን ይኑር። አምራቹ ብቸኛ መብት ከጠየቀ ስጡት፤ ነገር ግን በተባለው ጊዜ ካላመረተ ብቸኝነቱ ይቅር። መዝገብ የማየት መብት ይኑራችሁ። ዕቃው ሲሻሻል ማሻሻያው የማን እንደሚሆን ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሸጠው ግን የተሻሻለው ነው።

ጨርሶ መሸጥ የሚያዋጣው ገንዘቡን ለሌላ ፈጠራ ለሚፈልግ ወይም ዘርፉን ለሚለቅ ሰው ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት አመልክቱ። ውድድር ላይ መቅረብ፣ የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ የታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ለሕዝብ መግለጥ ነው። ለአምራች ወይም ለባለሀብት ማሳየት ግድ ከሆነ አስቀድሞ የሚስጥር ጠባቂነት ውል ይፈረም። ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነም የሥራ ውላችሁን አንብቡ። ለተቀጠራችሁበት ሥራ የፈጠራችሁት የአሠሪው ሊሆን ይችላል። በአሠሪው መሣሪያ የተሠራም የባለቤትነት ጥያቄ ያስነሳል።

በአቅምና በፍላጎት

በእጃችሁ ያለው ናሙና ለመሥራት ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ከሆነ የነፃ ፍለጋውን ሥሩ፣ አፋችሁን ዝጉ፣ አነስተኛ ፈጠራ አመልክቱ፣ ከዚያ አምራች ፈልጉ። ፓተንት ይቆይ።

ማምረት ጀምራችሁ ገዢ ካገኛችሁ ቀጣዩ ወጪ የንግድ ምልክቱ ይሁን።

ምርምራችሁ እውነት አዲስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የኬሚካል ሒደት ወይም የሕክምና መሣሪያ፣ ፓተንቱን ከሙያ ሰው ጋር አዘጋጁት። ገዢው ጎረቤት አገር ከሆነ ደግሞ እዚያም ማመልከት አለባችሁ። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን የመሳሰሉ አገሮች ሐራሬ ባለው የአፍሪካ ክልላዊ አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በአሪፖ፣ በኩል በአንድ ማመልከቻ ይደረስባቸዋል። ኢትዮጵያ ከአባላቱ ስላልሆነች ያ ማመልከቻ እዚህ አያገለግልም።

አሜሪካ ላላችሁ ጥሩ መነሻ ጊዜያዊው ማመልከቻ ነው። አይመረመርም፣ 12 ወር ቀን ይይዝላችኋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገበያውን ፈትሻችሁ ሙሉውን ማመልከቻ ታስገባላችሁ። ገቢያቸው ዝቅ ላለ የፈጠራ ሰዎች የመንግሥት ክፍያው በ80 በመቶ ይቀንሳል። በነፃ የሚያገለግሉ የፓተንት ጠበቆችን የሚያገናኝ ፕሮግራምም አለ። የአሜሪካ ፓተንት ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም።

በማስታወቂያ «ፈጠራህን እኛ ፓተንት አውጥተን ለኩባንያ እንሸጥልሃለን» ከሚሉት ደግሞ ተጠንቀቁ። ወርልድ ፓተንት ማርኬቲንግ የተባለውን ድርጅት የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ሰዎችን አታሏል ብሎ ከሶ አስዘግቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ውል ከመፈራረማቸው በፊት የደንበኞቻቸውን ቁጥርና ከእነሱም ከከፈሉት በላይ ያገኙት ስንት እንደሆኑ በጽሑፍ እንዲነግሯችሁ ያስገድዳል። ያንን ወረቀት ጠይቁ። ካልሰጧችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።